ከሞተሩ ክዳን ሥር

«ነግሬዋለሁ አልኩሽ! እግሬን አቃጠለኝ አልኩት፤ አንዴ ብቻ መሰለሽ? አየኝና ፈገግ አለ።»

ይህን የሰማሁት ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ነው። በእኛ በሮዝዴል ሠፈር ቤቶቹ ጀርባ ለጀርባ ተጠጋግተው ስለተሠሩ የጎረቤት ምስጢር ለመስማት ጆሮ መጣል አያስፈልግም፤ ሥራ የሚሆነው አለመስማቱ ነው። ታኒ (አክስቴ እንደማለት ነው) ዶርካስ አፖሊስ የወጥ ቤታቸውን መስኮት ከፍተው፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው፣ ድንች እየላጡ ጆርጅ ከተማ ካለችው ልጃቸው ከሻርሊን ጋር ያወራሉ። ሻርሊን «ታዲያ ምን አደረግሽ?» ስትል ሰማሁ። «ምን አደርጋለሁ፤ እስከ ስቶርምስ ሪቨር ድረስ እርጥብ ፎጣ ጠመጠምኩበትና ቁጭ አልኩ። ሰምቶ ፈገግ ላለ ሰው ሌላ ምን ይነገራል?» አሉ። ድምፃቸው የተናደደ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የውሃ ቆጣሪ የሚያነቡ ነው የሚመስለው። ከዚያ የተላጠ ድንች ውሃ ውስጥ ጠብ ሲል ተሰማና፣ «አርብ በሕዝብ አውቶቡስ ነው የምመጣው፤ ከአባትሽ ጋር አልመጣም። ያንን ዕቃ የከመርሽበትን ክፍል ባዶ አድርጊልኝ» አሉ። ሻርሊን «ስንት ቀን ልትቆዪ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሌላ ድንች ጠብ አለ።

የልብስ መቆንጠጫ በጥርሴ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ነገሩ አሁን ገባኝ። ሐሙስ ዕለት በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር ላይ ታኒ ዶርካስ የወደቀ ማንኪያ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ረጅም ካልሲያቸው ሸርተት አለና ቀኝ ባታቸው ላይ እንደ በሰለ ቲማቲም የቀላ ነገር ታየ። «የፈላ ውሃ ነው፤ የራሴ መንቀዥቀዥ» ብለው ቶሎ ሳቡት። ሻይ ተጠጥቶ ስኒው ሲታጠብ ግን እህት ሞሪን እጇን አረፋ ውስጥ እንደነከረች፣ «ውሃ እንዴት አድርጎ በአንድ ጎን ብቻ ያቃጥላል?» አለች። ሁሉም እያሰበ ያደርቅ ጀመር። በሁለተኛው ቀን ባላቸው ኦም (አጎቴ እንደማለት ነው) ሴድሪክ አፖሊስ፣ ያ ዝንብ የማይገድል ሰው፣ በሠፈሩ ሴቶች ዘንድ ሚስቱን የሚያቃጥል አረመኔ ሆኖ አደረ። እሳቸው አያውቁም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይቀልዳሉ፤ ሴቶቹ ግን አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ።

ጥፋተኛዋ አውቶቡሷ ናት። ኦም ሴድሪክ ከቆርቆሮ መጭመቂያው ፋብሪካ ጡረታ ሲወጡ፣ ድሮ ሠራተኛ ታመላልስ የነበረች አሮጌ አውቶቡስ ገዝተው ወንበሮቿን ነቃቅለው ቤት አደረጓት። አልጋ አላት፣ የጋዝ ምድጃ አላት፣ የእጅ መታጠቢያ አላት፤ መጋረጃዋን ታኒ ዶርካስ በእጃቸው ሰፍተውላታል። ሠፈሩ በሙሉ ተሰልፎ ጎብኝቷታል። ያላት አንድ ጉድ፣ ሞተሯ እንደ ሌላው መኪና ከፊት ከአፍንጫዋ ሥር ሳይሆን እዚያው ውስጥ፣ በሹፌሩና በጎኑ በሚቀመጠው ሰው መካከል፣ የቆርቆሮ ክዳን ተደፍቶበት መቀመጡ ነው። እንደ ሦስተኛ ተሳፋሪ፤ ያውም እንደሚጮህና ትኩሳት እንደያዘው ተሳፋሪ። ኦም ሴድሪክ በበኩላቸው መላ አበጅተው ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ምንጣፍ ስትቀይር የተጣለውን አሮጌውን ለምነው ወሰዱና በክዳኑ ውስጠኛ በኩል በማስቲሽ ለጠፉት። ምንጣፉ ያንጠባጠበውን ናፍታ ጠጣ፣ ከዚያ ሲሞቅ የስንት ዓመት እሑድ የእግር ጠረን አንድ ላይ አወጣ። ይሄ ይሄ እንግዲህ ከኦም ሴድሪክም የተሰወረ አይደለም፤ አፍንጫቸው ደህና ነው።

በዚያው ጠዋት ኦም ሴድሪክ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ኖርማ! ነጠላ ጫማሽን ጣዪና ደህና ጫማ አድርጊ። ፖርት ኤልዛቤት እንሂድ። ይሄ ምንጣፍ ሊገድለን ነው፤ ሌላ ልባስ እንገዛለን። አንቺ ትከራከሪልኛለሽ፣ እኔ በዋጋ ነገር ሞኝ ነኝ።» ኦም ሴድሪክ ሱቅ ብቻቸውን ሄደው አያውቁም። ወይ እኔን፣ ወይ ባሌን፣ ወይ የተገኘውን ሰው ይዘው ነው የሚሄዱት። እኛም ጨዋታ ስለሚወዱ ነው እንል ነበር። ሲያወሩ ደግሞ ለማንም ፋታ አይሰጡም፤ አንዱን ቀልድ ሳይጨርሱ ሌላውን ይጀምራሉ፤ ባሌ ‹ማጥፊያው የተሰበረ ሬዲዮ› ነው የሚላቸው። ታኒ ዶርካስን በመስኮቱ አየኋቸው፤ አላዩኝም። ድንቹን አስቀምጠው እጃቸውን ያብሳሉ፤ የደረቀ እጅ ደግመው ደጋግመው ያብሳሉ። እሺ አልኩ።

በታኒ ዶርካስ ቦታ ተቀመጥኩ፤ በእኛ አገር መሪው በቀኝ ስለሆነ ሞተሩ በቀኝ እግሬ በኩል ነው። ከዴስፓች ከተማ ሳናልፍ ቀኝ እግሬን ወደ በሩ መሰብሰብ ጀመርኩ፤ ከዴስፓች ካለፍን በኋላ መሰብሰቢያ ቦታ አለቀ። ጩኸቱስ? ወፍጮ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የመሄድ ያህል ነው። ምንጣፉም ጠረኑን ለቀቀው። ወደ እሳቸው ዘንበል ብዬ፣ «ኦም ሴድሪክ! የታኒ ዶርካስ እግር ተቃጥሏል!» አልኩ በሙሉ ጉሮሮዬ። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። ፈገግ አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና ጮህኩ፤ «ባታቸው ላጥ ብሏል!» እንደገና ነቀነቁ፤ ያን ደግ ፈገግታቸውን እስከ ጆሯቸው ዘርግተው መሪውን መታ መታ አደረጉ። ደሜ ፈላ። ለካ ታኒ ዶርካስ አልዋሹም። እነ ሞሪንም አልተሳሳቱም ለማለት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ናፍታ ልንቀዳ ማደያ ቆምን። ሞተሩ ሲጠፋ ጆሮዬ ውስጥ ጭው አለ። ወርጄ ፊት ለፊታቸው ተገተርኩ። «እኔ የሰው ትዳር ውስጥ አልገባም ኦም ሴድሪክ። ግን ሚስትዎ እግሬ ተቃጠለ ሲሉ ፈገግ ይባላል? ምን ዓይነት ሰው ነዎት?»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «የማን እግር?»

«የታኒ ዶርካስ! ስቶርምስ ሪቨር የሄዳችሁ ጊዜ። መንገዱን ሁሉ ነግሬዋለሁ እያሉ ነው።»

«ኧረ አልነገረችኝም።»

«ነግረዋል። ፈገግ አሉ ነው የሚሉት። አሁንም እኔ ሁለቴ ነገርኩዎት፤ ሁለቴም ፈገግ አሉ።»

ቀጂው ልጅ ቱቦውን እንደያዘ እኛን ላለማየት የመኪናዋን ጎማ አተኩሮ ያይ ጀመር። ኦም ሴድሪክ ዞረው በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈቱና መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ፣ የታኒ ዶርካስ እግር በሚያርፍበት ቦታ ላይ ለጥፈው አስቀመጡ። ያነሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላነሱም። ከንፈራቸው ነጣ፤ እኔ ነኝ ክንዳቸውን ይዤ የሳብኩት። መዳፋቸው ደም መስሏል። ያኔ አዘንኩላቸውና ማምለጫ ሰጠኋቸው፤ «ጩኸቱ ነዋ፤ በዚህ ጩኸት ማን ምን ይሰማል?» አልኩ። «ጩኸቱ ነው» አሉ ቶሎ። «አዎ፣ ጩኸቱ ነው።» የቀረውን መንገድ ቀልድ አላወሩም።

ሱቁ ኖርዝ ኤንድ በሚባለው የፖርት ኤልዛቤት ሠፈር ከጎማ ቤቶች መሐል ነው። በጥቅል በጥቅል የቆመ ስፖንጅ፣ ጎማ፣ የሚያብረቀርቅ ፎይል እስከ ጣሪያው። ባለቤቷ ኖምቩዮ የምትባል ወፍራም ፈጣን ሴት ናት፤ የብርጭቆ ጥጥ እየቆረጠች ስለነበር አፍና አፍንጫዋን በአቧራ መከላከያ ጭንብል ሸፍናለች። «ታታ፣ ግቡ ግቡ!» አለቻቸው፤ በእነሱ ቋንቋ አባቴ እንደማለት ነው። ኦም ሴድሪክ ግን እንደ ልማዳቸው በቀልድ አልጀመሩም። ወደ እኔ ዞሩ። እሷ በጠየቀች ቁጥር ወደ እኔ ይዞራሉ፤ እኔ ደግሜ ስነግራቸው ለእሷ ይመልሳሉ። ሞተሩ የት ነው? በክዳኑና በሞተሩ መካከል ስንት ጣት ይገባል? የሞተሩ ቺንጋ ክዳኑን ምን ያህል ይቀርበዋል? ዘይት ያንጠባጥባል? ራሴን ያገኘሁት በመካከላቸው የቆምኩ አስተርጓሚ ሆኜ ነው፤ ሁላችንም እኩል የምናውቀውን ቋንቋ የማስተረጉም።

ኦም ሴድሪክ ከጥግ ያለውን ርካሹን ቢጫ ስፖንጅ አነሱ። ኖምቩዮ ትንሽ ቀድዳ በቆርቆሮ ላይ አስቀመጠችና ክብሪት ጫረችበት። ስፖንጁ ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ እየነደደ ጠብ ጠብ አለ። «ይሄን ከናፍታ በላይ ያነጥፋሉ፣ ታታ? ከላዩ ደግሞ ሚስትዎን ያስቀምጣሉ?» አለች። እኔ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ ነገርኳት። ጭንብሏ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ትምህርቱን ያዘችው፤ ሙቀትና ጩኸት የተለያዩ ጠላቶች ናቸው፤ ሙቀትን የሚመልሰው ፊቱን ወደ ሞተሩ ያዞረ ፎይል ነው፤ ጩኸትን የሚያቆመው ከባድ ነገር ነው፣ ይሄ እንደ እርሳስ የሚከብድ ጎማ፤ በመካከል ደግሞ የተረፈውን ድምፅ የሚውጥ፣ እሳት የማይዘው፣ ዘይት የማይጠጣ ለስላሳ። ከዚህ ሁሉ በላይ በክዳኑ ከንፈር ዙሪያ ጎማ ካልዞረ ከንቱ ድካም ነው፤ ጩኸት እንደ ውሃ ነው፣ ትንሽ ቀዳዳ ይበቃዋል። ፎይሉን ብቻ ከወሰዱ ርካሽ ነው፤ ሦስቱን የያዘው ድርብ ንጣፍ ግን ከእጥፍ በላይ ያወጣል። «ልዩነቱን በጆሮዎ ይፍረዱ» አለችና ከባንኮኒው ሥር የእንጨት ሣጥን አወጣች።

ሣጥኑ ውስጥ የሚጮህ ነገር አለ፤ እንደ ትልቅ ተርብ ይነዝራል። ሦስት ክዳን አለው፤ ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው፣ በውስጣቸው ግን አንዱ ባዶ ቆርቆሮ ነው፣ አንዱ ፎይል የለበሰ፣ አንዱ ድርቡ። እሷ እያፈራረቀች ትከድናለች። በባዶው ቆርቆሮ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ በድርቡ ሲከደን ተርቡ ሌላ አገር የሄደ ይመስላል። ከኋላችን ተራ የሚጠብቅ ሸበቶ ሰውዬ ሳይቀር «ወይ ጉድ!» አለ። ኖምቩዮ «እሺ፣ የትኛው ነው ጸጥ ያለው ታታ? ያሳዩኝ» አለች፤ እኔም ደገምኩላቸው። ኦም ሴድሪክ እጇን አዩ። ዓይኗን አዩ። እኔን አዩ፤ እኔም እንደ ተማሪ ቤት አስተማሪ እጄን አጣምሬ ጠበቅኳቸው። ከዚያ ጣታቸውን ዘረጉና ባዶውን ቆርቆሮ ነኩ።

ሸበቶው ሰውዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እኚህስ ንጣፉን ጆሯቸው ውስጥ አንጥፈው ነው የመጡት!» ኖምቩዮም ቀልድ መስሏት ሳቀች። ኦም ሴድሪክም ሳቁ፤ ከሁላችን በላይ እሳቸው ሳቁ። እኔ ግን አንገታቸውን አየሁት፤ ከኮሌታቸው ጀምሮ እስከ ጆሯቸው ጫፍ ቀልቷል። በተለመደው ከፍተኛ ድምፃቸው፣ «የሙቀቱን ብቻ ስጪን! ጩኸቱ ግድ የለም። የሞተር ድምፅ ለሹፌር ጓደኛ ነው፤ ሲታመም በድምፁ ነው የሚታወቀው» አሉ። ኖምቩዮ «እንዴ ታታ፣ ይህን ያህል መንገድ መጥተው ግማሽ ሥራ?» ብትል ከፍለው፣ ፎይሉን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

አውቶቡሷ ውስጥ ገብተው ቁልፉን ሰክተው ቆዩ፤ አላስነሱም። እኔ ከንፈሬን ሳላሳያቸው፣ ጭራሽ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ «ኦም ሴድሪክ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አልኩ በቤት ድምፄ። ምንም። ዞር ስል ፈገግታው ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ያን ሁሉ ዓመት ሰላምታ ነው ብዬ የተቀበልኩት ፈገግታ። «አይሰሙም አይደል?» አልኳቸው፣ አፌን ከፍቼ። ፈገግታው እየቀዘቀዘ ሄደ።

«በየዓመቱ ይፈትኑን ነበር» አሉ። «ፋብሪካው ውስጥ። ጆሮ ላይ ነገር ይደረግልሻል፤ ድምፅ ስትሰሚ እጅሽን ታነሻለሽ። ነርሷ ቁልፉን ስትጫን ትከሻዋ ትንሽ ከፍ ይላል። ትከሻዋን እያየሁ እጄን አነሳለሁ። ሁልጊዜ አልፍ ነበር። የወደቀ ከመጭመቂያው ላይ ይነሳና መጥረጊያ ይሰጠዋል፤ ደሞዙም አብሮ ይጠረጋል። የወደቁትን ‹የደንቆሮ ጓድ› እንላቸው ነበር። ሲያልፉ አፋችንን ያለ ድምፅ እያንቀሳቀስን እናበግናቸዋለን።» መሪውን በተቃጠለ መዳፋቸው ያዙና ለቀቁት። «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ኖርማ። ታዲያ የትኛው አፌ ነው ለዶርካስ ደንቁሬያለሁ የሚላት?»

«ቤት ውስጥ እንዴት አልታወቀብዎትም?»

«ቤት ውስጥ ፊቷን አያለሁ። ካላየሁ እኔ እቀድምና አወራለሁ፤ የሚያወራ ሰው እንዲሰማ አይጠበቅበትም። እዚህ ደግሞ...» ክዳኑን በጉልበታቸው ነካ አደረጉት። «እዚህ ማንም አይሰማም። ሁላችሁም እኔን ታክላላችሁ። ይቺን አውቶቡስ እንዲህ የወደድኳት ለምን ይመስልሻል? ጸጥ ያሰኘኋት ቀን፣ የማልሰማው እኔ ብቻ እሆናለሁ።»

እኔ እንደሆንኩ የተማርኩት ትንሽ ነው፤ ግን ያወቅኩትን ደብቄ መቀመጥ ደግሞ አልቻልኩም። «ታኒ ዶርካስ አርብ በሕዝብ አውቶቡስ ነው የሚሄዱት» አልኩ ቀስ ብዬ፣ እንዲያዩኝ። «ሻርሊን ክፍል ባዶ እያደረገችላቸው ነው። መቼ እንደሚመለሱ ሲናገሩ አልሰማሁም። ሰምቶ ፈገግ ካለ ሰው ጋር አልኖርም ነው ነገሩ።» አፌን እስክዘጋ አዩኝ። ከዚያ ፎይሉን አንስተው ወረዱ። ተከተልኳቸው። ሱቁ ውስጥ ሸበቶው ሰውዬ ገና ቆሟል። ኦም ሴድሪክ ባንኮኒው ላይ ፎይሉን አስቀመጡና ለኖምቩዮ፣ «ልጄ፣ ያንን ከአፍሽ ላይ አውርጂልኝ። ከንፈር ካላየሁ አልሰማም» አሏት። የተናገሩት ያው በከፍተኛ ድምፃቸው ነው፤ ጎማ ቤቱ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ኖምቩዮ ጭንብሏን አወረደች፤ ሸበቶው ሰውዬ ጫማውን ያይ ጀመር። እኔ አልተከራከርኩም። ድርቡንም፣ የከንፈሩንም ጎማ፣ ሙቀት የማያላቅቀውን ማስቲሽም ራሳቸው ተነጋግረው ገዙ።

ከሰዓት በኋላውን ጓሮ ውለናል። ኦም ሴድሪክ ክዳኑን ፈትተው ምንጣፉን ፋቁት፤ የማስቲሹን ቅሪት በቢላ ላጡት፣ በቤንዚን ጠረጉት። በጋዜጣ ለክተው ቆረጡ፤ በቺንጋው በኩል አሳጠሩ፣ ማስቲሹ ቢከዳ ብለው በየጥጉ በቆርቆሮ ቀለበትና ብሎን አጠበቁት። ታኒ ዶርካስ ሁለቴ ወጥተው አይተው ሁለቴ ተመለሱ። ሦስተኛ ጊዜ ሲወጡ ኦም ሴድሪክ ቀና ብለው፣ «ዶርካስ፣ እግርሽን አየሁ... ማለቴ ነገሩን አወቅኩ። ትንሽ እንንዳና ሞክሪው» አሏቸው። ታኒ ዶርካስ እሳቸውን ትተው እኔን አዩ። ማን እንደነገራቸው ገባቸው። «ኖርማ ካልመጣች አልወጣም» አሉ። እኔም ከኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጣልቃ ለገባ ሰው የተገባ ቦታ ነው።

ወደ ስዋርትኮፕስ ወንዝ ወረድን። ታኒ ዶርካስ ልማድ ሆኖባቸው ቀኝ እግራቸውን ወደ በሩ ሰበሰቡት። ከሠፈሩ ስንወጣ ጣታቸውን ክዳኑ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ መዳፋቸውን። «አይፋጅም» አሉ ለማንም ሳይሆን። እግራቸው ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጸጥታው ግን ነው የገረመኝ። እስከ ዛሬ ሰምተን የማናውቀውን ነገር ሰማን፤ መሳቢያው ውስጥ ማንኪያዎቹ ሲንሿሹ፣ የመጋረጃው ቀለበት ሲንሸራተት። እኔ «ኧረ ተዉ!» አልኩ። ኦም ሴድሪክ በመስታወቱ ውስጥ የእኔን ፊት አይተው፣ «ጸጥ አለች አይደል?» አሉ ደስ ብሏቸው። ከዚያ መንገዱ ተጣመመና ዓይናቸውን ወደ ፊት መለሱ።

ያኔ ነው ታኒ ዶርካስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ጨው የሚወጣበትን ረግረግ እያዩ፣ ሰው ወጥ ቤቱ ውስጥ በሚያወራበት ድምፅ፣ «ሻርሊን ጋ ብቀር ትፈልገኛለህ?» ያሉት። ማንኪያዎቹ ይንሿሻሉ። መስታወቱ ውስጥ የኦም ሴድሪክ ጉንጭ ከፍ ማለት ጀመረ፤ የታኒ ዶርካስን ትከሻ እንቅስቃሴ ያዩ መሰለኝ፣ የሆነ ነገር እንደተባለ አውቀዋል። ፈገግታው እየመጣ ነው። ራሳቸው ሊነቀነቅ ነው። ለአንድ አፍታ ከኋላ ጮኼ ላስቆማቸው ፈልጌ ነበር፤ ምን ብዬ? ከዚያ ጉንጫቸው ወረደ። ፍሬን ያዙና አውቶቡሷን ከመንገዱ ጥግ አቁመው ሞተሩን አጠፉ።

«ዶርካስ።»

«እ?»

«አሁን ያልሽውን አልሰማሁም።»

ታኒ ዶርካስ ዞሩ። «እንዴት አትሰማም? ዛሬ እኮ አውቶቡሷ ድመት ሆናለች።»

«ድመት መሆኗን ያወቅኩት በኖርማ ፊት ነው። ለእኔ ጠዋትም አሁንም ያው ናት።» ከዚያ ነገሯቸው። ስለ ነርሷ ትከሻ፣ ስለ መጥረጊያው፣ ሳይቀልዱ፣ ሳያሳምሩ። ባወሩበት ጊዜ ሁሉ የሚያዩት የሚስታቸውን አፍ ነው፤ መቼ እንደሚከፈት ይጠብቃሉ። ታኒ ዶርካስ ግን የትኛው ነገር ተሰምቶ የትኛው እንዳልተሰማ ወደ ኋላ እየሄዱ የሚፈልጉ ይመስለኛል።

«እናቴ የሞተች ለት በሩ ላይ ቆሜ የነገርኩህስ?»

«ፊትሽን አይቼ ነው ያወቅኩት።»

«የስቶርምስ ሪቨሩስ?»

«እየነዳሁ ነበር። መንገድ ነው የማየው።»

«ታዲያ ለምን ፈገግ ትላለህ?» አሉ ታኒ ዶርካስ። «ሰው ባይሰማ ምን አልሽ ይላል እንጂ ፈገግ ይላል?»

«አፍሬ ነዋ፣ ዶርካስ። ሌላ ምን ላድርግ?»

ታኒ ዶርካስ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «እኔ ደግሞ ስምህን ለልጅህ...» አሉ በመዳፋቸው ውስጥ። ያን ቃል እሳቸው እንዳልሰሙት ቶሎ ገባቸውና እጃቸውን አወረዱ። ዓይናቸው እርጥብ ነው። መላ ሰውነታቸውን ወደ ባላቸው አዞሩ፤ የምሽቱ ፀሐይ አፋቸው ላይ እንዲያርፍ ትንሽ ቀና አሉ። ሊናገሩ ሲሉ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ። ጆሮዬን እንዳቆምኩ አዩኝ። ድምፃቸውን ተዉትና ከንፈራቸውን ብቻ ማንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ቀስ እያሉ፣ ረጅም ነገር። በዚህ ሁሉ ዓመት ከዚያ ቤት አንዲት ቃል አምልጣኝ አታውቅም፤ ዛሬ ከክንዴ ርቀት ላይ ተቀምጬ ምንም አልሰማሁም።

ጨርሰው ሲያበቁ ኦም ሴድሪክን አየኋቸው። አልነቀነቁም፤ ፈገግም አላሉ። አንገታቸው እስከ ጆሯቸው ጫፍ እንደቀላ፣ «ግማሹ ነው የገባኝ» አሉ። «ድገሚልኝ።»

ታኒ ዶርካስም ከመጀመሪያው ጀመሩላቸው።